የግራ ጆሮዬ ሐኪም

ፖሊሶች ከሚኒባስ ያወረዱኝ ኮተቤ መንገድ ላይ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ የካ ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው የታጎረበት ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል።

ክፍሉ አንድ ልማድ ነበረው፤ ከምሳ በኋላ ተረኛው የሚያውቀውን ያስተምራል። አንድ የላምበረት ሹፌር ስለ ፍሬን አስተምሮናል። የባዮሎጂ መምህር ነኝና በተራዬ ጆሮን መረጥኩ። ምክንያትም ነበረኝ፤ የግራ ጆሮዬ ለዓመታት መግል ያወጣል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዬ በታሰርኩ ማግስት ነበር።

የዳቦዬን ለስላሳ ውስጥ አውጥቼ እንደ ቀንድ አውጣ ጠቀለልኩት።

«ድምፅ የሚቀበለው የውስጥ ጆሮ ይህን ይመስላል፤ ሁለት ዙር ተኩል ነው። አጠገቡ ሦስት የሚዛን ቱቦዎች አሉ። የሁላችንም አንድ ዓይነት ነው።»

«ቲቸር፣ ፈተና አለው እንዴ?» አለ ሹፌሩ። ተሳቀ።

ከጥግ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። የጆሮ ቀዶ ሐኪም መሆናቸውን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

«መምህር፣ የሠራኸው የመጽሐፉን ጆሮ ነው። እኔ የከፈትኳቸው ግን ይለያያሉ። ዙሩ የሚበልጥ አለ። የቱቦው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ጭራሽ የሌለውም አለ። ሐኪሙ ሳያውቅ ከነካው ሰውዬው ይደነቁራል።»

ስለ ጆሮዬ ነገርኳቸው። ከመጠጫ ውሃቸው ትንሽ አፍስሰው እጃቸውን ታጠቡ።

«ልንካህ?»

ከታሰርኩ ወዲህ ፈቃዴን የጠየቀኝ አልነበረም። የጆሮዬን ደጅ ጫን ሲያደርጉት ክፍሉ ዞረብኝ።

በሩ ተከፈተ። «ሽማግሌው፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ!» አለ ጠባቂው።

«አንድ ደቂቃ» አሉት፣ ዞር ሳይሉ። «በሽተኛ ይዣለሁ።»

ጠባቂው በሩን ተደግፎ ጠበቀ።

«ስትፈታ» አሉኝ፣ «ሲቲ ስካን ሳትነሳ ማንም እንዳይከፍትህ። ሲጫኑት እንደሚያዞርህም ንገራቸው።»

ፎጣቸውን አጥፈው ወጡ። ወዴት እንደወሰዷቸው አላወቅንም።

ስፈታ እንዳሉኝ አደረግኩ። ቀዶ ሐኪሟ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የሚዛን ቱቦህ ከለመድነው ቦታ ወጣ ብሏል፤ ከላዩም አጥንት የለውም። ሳላየው ገብቼ ቢሆን ኖሮ…» በቀዶ ሕክምናው ዕለት በሌላ በኩል ገባች።

ዛሬ በግራ ጆሮዬ እሰማለሁ። ምስጋናዬን የማደርስበት አድራሻ የለኝም። ደወል ከተደወለ በኋላ ተማሪ ጥያቄ ሲያነሳ ግን፣ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ቢጠብቁኝም፣ መልሼለት ነው የምወጣው።