የእንዳላማው ግማሽ ሞርሳ

እንዳላማውን የሚያናድደው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን «የጣሊያን ነው» የምትለዋ ቃል ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የውኃ ቆጣሪ እያነበበ በየጓሮው ሲገባ ዓይኑ ቆጣሪው ላይ አያርፍም። ከአጥር ሥር የተጣለ መላጊያ፣ ዶሮ የምታድርበት የመሣሪያ ሣጥን፣ እጀታው የወለቀ መሰርሰሪያ ይፈልጋል። «ይሄ የማን አገር ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አሮጌ ብረት ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ይመስል «የጣሊያን ነው» ይሉታል። እሱ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ በናፍጣ ጠርጎ፣ የፋብሪካው ማኅተም እስኪወጣ ድረስ ይታገላል። ጀርመን ይሆናል፣ ስዊድን ይሆናል፣ ለማን ይንገረው? ሚስቱ የብርጓል እንኳ ዕቃ የሚያከማችበትን ክፍል «የጣሊያን ሰፈር» ብላ ሰይማዋለች።

ከሰበሰበው ሁሉ አንጀቱን የሚበላው አንድ ሞርሳ ነበር። ሞርሳ ሁለት መንጋጋ አለው፤ አንዱ ቋሚ ነው፣ ሌላው በብሎን እየተጠጋ ብረት ነክሶ ይይዛል። በእንዳላማው እጅ የገባው ከነብሎኑ ቋሚው ብቻ ነበር፤ ከፈረሰ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ከቁርጥራጭ ብረት መሐል በ1990 ዓ.ም. ያወጣው። በእሳት ተቀጥቅጦ የተሠራ ስለሆነ በምስማር ሲመቱት ድምፁ ጥርት ይላል። የጥንት ሠሪዎች ሁለቱን መንጋጋ በሞረድ እያስተካከሉ አንዱን ለሌላው ብቻ ያገጥሙ ነበርና፣ እንዳይለዋወጥባቸው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያደርጋሉ። በእሱ ላይ ያለው ሦስት የመሮ ጭረት ነው። ሦስት ጭረት ያለበት ጓደኛው ካልተገኘ የሌላ ሞርሳ መንጋጋ ቢያመጡለት አይገጥምም። የእንዳላማው ምኞት ሁለቱን አገናኝቶ አንዴ ሲነክሱ ማየት ነበር።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ወዳለችው አምበር ለለቅሶ በሄደበት ጊዜ አገኘው። አያ ቢተው የሚባሉ ገበሬ የበር መደገፊያ አድርገውታል። ጎንበስ ብሎ ገለበጠው፤ ሦስት ጭረት። ለቀስተኛ መሆኑን ረስቶ ፈገግ አለ።

«አያ ቢተው፣ ይቺን ብረት ይሽጡልኝ።»

«ሳርስ ያገኘኋት ናት። መሬት የሰጠኝን አልሸጥም» አሉት።

እየተመላለሰ ለመናቸው፤ ወይ ፍንክች። በኋላ አንድ ቀን ሲሄድ በሩ በድንጋይ ተደግፏል። በሬያቸው ታሞ ኖሮ፣ ቢድንልኝ ብለው ብረቱን ለሚካኤል ተስለዋል፤ በሬውም ድኗል፣ ብረቱም ተሰጥቷል።

«እኔን ስንት ጊዜ እምቢ ያሉኝን?»

«አንተ በሬ ታድናለህ?» አሉት።

ስዕለት በንግሥ ቀን በቅጥሩ ውስጥ በጨረታ ይሸጣልና፣ ለኅዳር ሚካኤል እንዳላማው የብርጓልን ይዞ አምበር ተገኘ። አጫራቹ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ጃንጥላውንም ሙክቱንም እየጠሩ ሲያጫርቱ፣ ያሸነፈ ሁሉ «ለሚካኤል መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ዕቃው እንደገና ይጫረታል። የብረቱ ተራ ሲደርስ እንዳላማው ያለ የሌለውን ጠርቶ አሸነፈ። አፉን ሳይከፍት ግን የብርጓል ከሴቶቹ በኩል «ለሚካኤል መልሰናል» አለች። ባሏ ብረቱን ትቶ ስለ ነፍሱ ማሰብ የጀመረ መስሏት ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አልመልስም» ማለትን እንዳላማው ከየት ያመጣዋል? ቀጥሎ ያሸነፈውም መለሰው፤ ብረቱ ለከርሞ ተብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገባ።

በየዓመቱ ያው ሆነ። የብርጓልን ቤት ትቷት ሲሄድ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ቀድሞ እልል ይላል። ይባስ ብሎ፣ የማርቆሱ ሰውዬ ይህን ያህል የሚንገበገብለት ብረት ከንቱ አይሆንም ተባለና የታመመ ከብት ይታሽበት ጀመር። «የሚካኤል ብረት» የሚል ስምም ወጣለት። እንዳላማው በፈለገው ቁጥር ብረቱ እየከበረ፣ ከእጁም እየራቀ ሄደ። መጀመሪያውኑ ዝም ቢል ኖሮ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ማወቁ ያበግነው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ቆረጠ። የእኔ ባይሆኑም ይገናኙ ብሎ ቋሚውን መንጋጋ በአይሱዙ ጭኖ አምበር ወሰደና እሱም ለሚካኤል ሰጠ። በንግሡ ዋዜማ መሪጌታ ፈቅደውለት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሁለቱን አጋጠማቸው። ጭረቶቹ ትክክል መጡ። ብሎኑን ሲያዞረው መንጋጋዎቹ ወረቀት እንኳ በማያሳልፍ አኳኋን ተነካከሱ። ዕንባው መጣ፣ አላፈረበትም።

በማግስቱ ግን መሪጌታ ቋሚውን ለይተው ለጨረታ አስነሡት።

«መሪጌታ፣ አንድ ዕቃ ናቸው እኮ። ማንም ይግዛቸው፣ ብቻ አይለያዩብኝ።»

«ልጄ፣ ሁለት ስዕለት ናቸው። ይህ የአንተ ነው፣ ያ የቢተው። ለሚካኤል በየስማችሁ የሰጣችሁትን እኔ ማን ነኝና እደባልቃለሁ?»

የራስን ስዕለት መልሶ መጫረት ነውር ነውና እንዳላማው ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ደጀን ላይ ጎማ የሚጠግን አንድ ጎሚስታ አሸነፈ። ሕዝቡ ለእልልታ ሲዘጋጅ ሰውዬው «እኔ እንኳ ሥራ አለኝ፣ ብረት መቀጥቀጫ ይሆነኛል» ብሎ ተሸክሞት ወጣ። ማንም ምንም አላለውም። እንዳላማው ደሙ ፈላ። ለካ እንዲህ ብሎ መሄድ ይቻል ኖሯል።

የአያ ቢተው ብረት ሲጠራ ከማንም በላይ ጠራና አሸነፈ። «እኔም ሥራ አለኝ» አለ፤ ታቅፎት ሲወጣ የከለከለው የለም። በሩ ላይ ሲደርስ የጎሚስታው መኪና ሄዷል።

«ይኸው አገኘኸው፤ አሁንስ ምን ቀረህ?» አለችው ተከትላው የወጣችው የብርጓል።

ብረቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ደጀን ውስጥ ስንት ጎሚስታ ይኖራል?» አላት።