ከአባቴ ጎን የተኙት የእንግሊዝኛ መምህር

ይህ የሆነው ካቻምና ክረምት ሆሳዕና ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ እኚህን ሰው ግን አልረሳኋቸውም። ላደርግላቸው የቻልኩት አንድም ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል።

ፎንቆ የምትባል ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አግኝቼ የቀረኝ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተፈትኜ የጣለኝ የጽሑፉ ክፍል ነው፤ በተለይ ግራፍ አይታችሁ በአንቀጽ ግለጹ የሚለው። ክፍል ውስጥ ግራፍ ሰሌዳ ላይ ስስል ነው የምውለው። በእንግሊዝኛ ግለጪ ስባል ግን እጄ ይታሰራል።

ድጋሚ ተመዝግቤ ፈተናው ሲቃረብ አባቴ በስትሮክ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አፉም ተያዘ። ሆስፒታል አስተኛነው። ወንድሜ ሞርሲቶ ከተማ ሥራ ስላለበት አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ፈተናውን ልተወው ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ የአባቴን ፊት እያዩ ዝም ብሎ መቀመጥ ሊያሳብደኝ ሲደርስ የልምምድ ወረቀቶቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ከጎናችን ባለው አልጋ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ልባቸውን ያማቸዋል፤ እግራቸው አብጧል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚውሉትም የሚያድሩትም። መምህር ማቴዎስ ይባላሉ። ዱራሜ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ እንዳስተማሩ የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ናቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ "እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አሉኝ።

በአንድ አገር ስለሚሸጥ ሻይና ቡና የሚያሳይ ግራፍ ነበር። ዓመት በዓመት፣ ቁጥር በቁጥር ደርድሬዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ሁሉንም ነገርሽኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም" አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍኚው። አሁን ምን ትዝ ይልሻል?"

"ቡናው እየወረደ፣ ሻዩ እየወጣ ነው። መጨረሻ ላይ ሻዩ በልጧል።"

"እሱን ነው ቀድመሽ የምትጽፊው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ለምስክር ይመጣል። እሱም ጥቂት።"

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ ዞረው ሲወጡ እኔ ወንበሬን ወደ እሳቸው አልጋ እጎትታለሁ። "ጨመረ" የሚለውን ቃል ከደጋገምኩ፣ "ቀስ ብሎ ነው ባንዴ?" ይሉኛል። ዓረፍተ ነገሬ ከረዘመ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙኛል።

"ኧረ ማቴዎስ፣ ዶክተሩ አታውራ ብሎህ የለ?" ይሏቸዋል ወይዘሮ አስቴር።

"ዝም ብዬ ከምቀመጥ ይሻለኛል።"

አንድ ቀን ደግሞ፣ "ለአባትሽ በሀዲይኛ ንገሪያቸው። ላንቺ ካልገባሽ ለእሳቸው ማስረዳት አትችዪም" አሉኝ። አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ "በአንድ አገር ሰው ቡና እየተወ ሻይ መጠጣት ጀምሯል" አልኩት። አባቴ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ከዚያ ደህና በሆነው የአፉ በኩል ፈገግ አለ። ከወደቀ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

መምህርም ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ሳሉ አልቆም አለ። ነርሷ እስክትመጣ እኔና ወይዘሮ አስቴር ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ቆምን። ከመደገፍ ሌላ የማደርገው ነገር ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ እየባሰባቸው ሄደ። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄደው የልብ ስፔሻሊስት ሊያያቸው ይገባል አለ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ አልጋ እስኪገኝ ጠብቁ ተባለ። ወይዘሮ አስቴር ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳሉ። እኔም አዲስ አበባ ለማውቀው ሰው ሁሉ ደወልኩ። ሁሉም አዘነ፤ አልጋ የሚያገኝልን ግን አልነበረም።

ለፈተናው አዲስ አበባ የምሄድበት ቀን ደረሰና ወንድሜ መጥቶ ተካኝ። መምህርን ልሰናበት አጠገባቸው ስቆም አፋቸው በኦክስጅኑ ጭንብል ተሸፍኗል።

"መምህር፣ ልቅር እንዴ?" አልኳቸው። ብቀር ምን እንደምጠቅማቸው እኔም አላውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁና እንደ እግራቸው ባበጠ እጃቸው ወደ በሩ ገፋ አደረጉኝ።

ተፈተንኩ። የመጣውን ግራፍ በእጄ ሸፈንኩት፤ ትዝ ያለኝን ቀድሜ ጻፍኩ። እንደወጣሁ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"አባባ ደህና ነው። ሾርባ ጠጥቷል" አለኝ።

"መምህርስ?"

"ደህና ናቸው" ብሎ ቶሎ ዘጋው።

ሆሳዕና ስደርስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ወንድሜ እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። "ብቻሽን መንገድ ላይ ሆነሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የደበቅኩሽ" አለ። መምህር ያረፉት እኔ ፈተና ላይ በነበርኩበት ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባም አልጋ ተገኘ ተብሎ አልተደወለም።

በማግስቱ ዱራሜ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ የሚወራው በከምባትኛ ነው፤ አልገባኝም። አንድ ሽማግሌ በአማርኛ፣ "ልጄ፣ ምን ትሆኛቸዋለሽ?" ሲሉኝ፣ "ተማሪያቸው ነኝ" አልኩ። ለሕዝቡ አስተዋወቁኝና ስለ መምህራችን አንድ ነገር በዪን አሉኝ። ተነሳሁ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው አብዛኛው ሰው እሳቸው ያስተማሩት ነው። እኔ የማውቃቸው ሆስፒታል አልጋ ላይ ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ወይዘሮ አስቴር ጎትተው አጠገባቸው እስኪያስቀምጡኝ ድረስ እንደቆምኩ አለቀስኩ።

ውጤቴ መጣ፤ የሚፈለገውን አገኘሁ። አባቴ አሁን በከዘራ ይራመዳል፤ ንግግሩ ግን ገና አልጠራም። ጉዞዬን አስተላልፌያለሁ፤ እንደምሄድም እርግጠኛ አይደለሁም። የሚከነክነኝ እሱ አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ዝም ማለቴ ነው።

ያን ቀን አንደበቴ ቢፈታ የምለው አጭር ነበር። እኚህ ሰው ለራሳቸው የማይበቃቸውን ትንፋሽ ለማያውቋት ሴት አካፈሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ የምሰጣቸው ግን አልነበረኝም።