ቮልሷን ወደ መስኮቴ ያዞርኳት ሰሞን

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ሾላ ገበያ ውስጥ ሙዝ የተለወሰበትንና ድንች የተፈጨበትን ቅቤ ከደህናው እየለየሁ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ሰው ቅቤ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ቅቤውን ሳይሆን ሰውዬውን ነው። ሳልጠይቀው "ከራሴ ላም ነው፣ ማርያምን!" ብሎ ከማለ ሳላሸተው እመልሰዋለሁ። ይህ አመል ገበያ ላይ እንጀራዬ ነው። ችግሩ፣ ማታ ሱቁን ስቆልፍ አመሉ አብሮ አይቆለፍም፤ ተከትሎኝ ቤት ይገባል።

ቤቴ ከቀበና በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። ግቢው ራሱ ዳገት ስለሆነ ላይኛው ጫፍ ላይ ኳስ ብታስቀምጥ ብቻዋን እስከ በሩ ትወርዳለች። እዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት አዛውንቶች ነበሩኝ፤ ከአባቴ የወረስኳት ቮልስና ዘበኛው። ዘበኛው ካራ በኩል እርሻ የነበራቸው ሰው ናቸው። እርሻው ሰፈር ሆነ፣ ሚስታቸው ሞቱ። አንዲት ልጃቸው እዚያው ካራ አንድ ክፍል ተከራይታ ከነልጆቿ ታጭቃ ትኖራለች፤ እሳቸው የሚተኙበት ቦታ የላትም። ስለዚህ ቤታቸው የኔ በር ላይ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ብቻ ነበረች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ነገሩ የጀመረው ከቤንዚን ሽታ ነው። ጠዋት ቮልሷ ጋ ስቀርብ ቤንዚን ቤንዚን ትላለች። ቁልፍ ሳዞር ታስላለች እንጂ አትነሳም። ከተነሳችም ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ወደ እንጦጦ ስወጣማ ዳገቱ ሲጀምር አጉረምርማ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። አንድ ቀን ከኋላዬ የቆመው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ፋዘር፣ እሷ ደክሟታል፤ ተራ ገብተው ይሸከሟት!" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ቤንዚኑም እንደ ድሮው አልበረክት አለኝ፤ ሳምንት ትሄድበት የነበረው ገና በአጋማሹ ያልቅ ጀመር። ጊዜው ደግሞ ለቤንዚን ሰልፍ የምናድርበት ነው።

ቀበና ድልድይ አጠገብ የሚሠራ መካኒክ አለ፤ አብሮ አደጌ ነው። የኋላ ክዳኗን ከፍቶ አሸተተ።

"ካርቡራተሩ ቤንዚን እያጥለቀለቀ ነው። ከሚገባው በላይ ይገባበታል። ልፍታው።"

"እዚሁ፣ እያየሁ?"

"እዚህ አቧራ ነው። ትተሃት ሂድ፣ ነገ ትወስዳታለህ።"

ትተሃት ሂድ! ይህችን ቃል፣ ገንዘቡን ትተህ ሂድ፣ ቅቤውን ነገ ትወስዳለህ ከሚሉ ቅቤ አምጪዎች ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ቤንዚንና አየር የሚያዋህደው ካርቡራተሯ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ፣ ኦሪጅናል ነው። ዛሬ ዛሬ ከመኪናዋ ይልቅ የሚፈለገው እሱ ነው፤ አንዴ ከተፈታ በምትኩ ምን እንደሚገባ የሚያውቀው ፈቺው ብቻ ነው። አብሮ አደጌ ነው፣ አልካድኩም። በልጅነታችን የምጫወትባቸውን ብዮች ይሰርቀኝ የነበረውም እሱ ነው።

"አይፈታም፤ ከላይ ከላይ አጽዳልኝ" አልኩት።

"ሆዱን የታመመ ሰው ፊቱን ስታጥበው ይድናል?" ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እንግዲህ ቤንዚኑ ሲያልቅብህ ሰው ጠጣብኝ እያልክ እኔ ጋ እንዳትመጣ።"

ለቀልድ ያላት ነች። እኔ ግን ከንግግሩ ሁሉ ይዤ የሄድኩት "ሰው ጠጣብኝ" የምትለዋን ብቻ ነው።

ግቢ ውስጥ ሌሊት ነቅቶ የሚያድረው ማነው? ዘበኛው። መገናኛ አካባቢ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ በጓሮ እንደሚሸጥ የማያውቅ ማነው? ማንም የለም። በቮልሷ ቤንዚን ክዳን ላይ ቀጭን ጥቁር ክር አሰርኩ። ክሩ አልተነካም፤ ቤንዚኑ ግን አሁንም አልበረከተም። ሌላ ሰው ቢሆን ሌባ የለም ይል ነበር። እኔ፣ ክር ፈትቶ በነበረበት መልሶ የሚያስር ሌባ ገጥሞኛል ብዬ ይበልጥ ደነገጥኩ።

ስለዚህ መኪናዋን አዞርኳት። ድሮ የምትቆመው አፍንጫዋን ወደ ቁልቁሉ፣ ወደ በሩ አድርጋ ነበር፤ አልነሳም ስትል እየተንከባለለች እንድትነሳ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ቤንዚን መያዣዋ ከፊት። እኔ ቤንዚኑን ነው መጠበቅ የፈለግሁት። አፍንጫዋን ሽቅብ ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት አዙሬ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ወሸቅሁ። አሁን ክዳኗን የሚነካ ሰው ትራሴን እንደነካ ነው። የእሷ ዘመን ቮልስ ቤንዚን የሚያሳይ ጌጅ ስለሌላት ደግሞ የባህር ዛፍ ጭራሮ ልጬ፣ ማታና ጠዋት እየነከርኩ መለካት ጀመርኩ።

ይባስ ብሎ ቤንዚኑ ዓይኔ ሥር ሟሟ። ማታ የለካሁት ጠዋት አይገኝም። ባለቤቴ ሰለቻት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሌሊቱን መስኮት ላይ ተንጠልጥለህ ነው የምታድረው። ማንን አየህ?"

"ማንንም።"

"ታዲያ?"

"እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው።"

"እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ አንተ ነህ። የሰው ሐጢአት ውስጥ እንዳትገባ!"

አልሰማኋትም። ረቡዕ ዕለት የቆርቆሮዋን ክፍል በር አንኳኳሁ።

"አባባ፣ እስከ እሁድ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።"

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"ቤንዚን እየጠፋ ነው።"

"እኔ ወሰድኩት?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ታዲያ ምን አሉ?"

ዓይኔን ወደ ቮልሷ መለስኩ። እሳቸው ደጃፍ ላይ እንደቆሙ፣ "እኔ ቤንዚን ምን ያደርግልኛል? መኪና የለኝ፣ ሞተር የለኝ" አሉ።

"ይሸጣል" አልኩ፤ አፌን አልያዝኩትም።

"ለካ ሲያስቡበት ከርመዋል" ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ቅቤ ይዞ የሚጠብቀኝ ገበሬ ነበር። ቮልሷ ጭራሽ አልነሳ አለች። ባዶ እጄን ከምቆም ብዬ የሞተር ዘይቷን መለኪያ መዘዝኩ። አሮጌ ቮልስ ዘይት ታንጠባጥባለች እንጂ አታጠራቅምም፤ ሁልጊዜ የማገኘው ጎድሎ ነው። የዚያን ዕለት ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቷል። ማንም ጠብታ አልጨመረበትም።

ሳይጨምሩበት የበዛ ነገር የተለወሰ ነው። ይህን መካኒክ አላስተማረኝም፤ ሾላ ነው ያስተማረኝ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል አሸሁት። እንደ ውሃ ቀጥኖ አመለጠኝ። አሸተትኩት፤ ቤንዚን። ያን ጊዜ ከጎማው ሥር የወሸቅሁት ድንጋይ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቤንዚኔ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ሌሊት ሌሊት ከመያዣው እየወረደ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲያድር ነው የከረመው።

መካኒኩን በስልክ ለምኜ ግቢ ድረስ አመጣሁት። ንጹሕ ጋዜጣ ዘርግቶ ካርቡራተሩን ፈታውና፣ ከውስጡ የወጣችውን ትንሽ ተንሳፋፊ ጆሮዬ ሥር ናጣት። እንደተበላሸ እንቁላል ውስጧ ተንቦጫቦጨ።

"ሰማህ? ተሰንጥቃ ቤንዚን ጠጥታለች። እሷ በቤንዚኑ ላይ ስትንሳፈፍ ነው ይህችን መርፌ ገፍታ መግቢያውን የምትዘጋው። ከሰመጠች ማን ይዝጋው? መርፌዋም ተበልታለች።" ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። "ቆይ፣ እንዲህ ሽቅብ የሰቀላት ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ሌባ ልጠብቅ።"

ሳቁ መጥቶ ጋዜጣውን ሊበትነው ነበር። "አዬ ጉድ! ቁልቁል ስትቆም እየሄደች ብቻ ነበር የምታባክነው። አንተ መያዣውን ከካርቡራተሩ በላይ ሰቅለህ፣ ሌሊትም ቧንቧ ከፈትክላት! ብትነሳልህ ኖሮ በዚህ ዘይት ሞተሩን ትበላው ነበር።"

ተንሳፋፊዋንና መርፌዋን ለወጠ፣ ዘይቱን ደፍቶ አዲስ ሞላ። ቮልሷ ተነሳች፤ ጭስ የለም፣ ሳል የለም። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ግን ቆጥሬ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኳቸው። እያየኝ ራሱን ነቀነቀ።

ዘበኛው ብርድ ልብሳቸውን በገመድ አስረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ቤንዚኑ ተገኘ።"

"የት?"

"ሞተሩ ውስጥ።"

"እንግዲያ ሞተሩን ያባርሩታላ።"

"ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ አይሂዱ" አልኩ።

"ይቅር ለእግዜር" አሉ። "የምሄድበት ስለሌለኝ እቆያለሁ። ግን እኔ ስናገር አላመኑኝም፤ ዘይት ሲናገር አመኑ። ይህን አልረሳውም።"

ከዚያ ወዲህ ቮልሷ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ ነው የምታድረው፤ ቤንዚኗም ይበረክታል። እሳቸውም ከክፍላቸው አልወጡም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። በዕረፍት ቀናቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ ካራ ሲሄዱ፣ በሩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት እኔ ወዳለሁበት ይመጡና ፌስታላቸውን ከፍተው ፊቴ ያቀርቡታል። ማንም አላዘዛቸውም።

"ኧረ አባባ፣ በፈጠረዎት! ምን ያደርጋሉ?"

"ይዩት፣ ይዩት። ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው።"

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም ፊቴን ማዞር እንዳለብኝ አላጣሁትም። በእጄም፣ ይዝጉት፣ ይዝጉት እላለሁ። ዓይኔ ግን ቀድሞኝ ይገባል፤ አንድ ሹራብ፣ ሁለት ዳቦ፣ ለልጅ ልጆች የተገዛ ብስኩት። እሳቸው ማየቴን እስኪያዩ ይጠብቃሉ። ከዚያ የፌስታሉን አፍ ቋጥረው፣ "በሉ ደህና ዋሉ" ብለው ወደ ታክሲው ይወርዳሉ።