ከደሴቱ የመጣ አበባ

ዛሬ ጀሪካን ይዤ ወደ መንደራችን ኩሬ ስወርድ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እርጥብ ሣር ሲበሰብስ የሚሸተው። ውሃው አይታይም። ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ አበባ ነው። የጎረቤታችን ላም አበባውን በአፍንጫዋ እየገፋች ውሃ ትፈልጋለች።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ጣና ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ መነኩሲት አክስቴ፣ እማሆይ፣ ለአንድ የደሴት ገዳም ስለት ሊያደርሱ ሲሄዱ እኔን አስከተሉኝ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። አብረውን የተሳፈሩት ወንዶች ወርደው ሲሳለሙ እኔና እሳቸው ጀልባው ላይ ቀረን። እማሆይ ወደ ደሴቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰም። የደረሰው ከዳርቻው ተጠግቶ የሚንሳፈፈው አበባ ላይ ነው። ከነሥሩ መዘዙና በነጠላቸው ጠቀለሉት።

«ኧረ ይጣሉት እማሆይ!» አለ ባለጀልባው። «እምቦጭ እኮ ነው! ሐይቁን የጨረሰው፣ ዓሣ ያሳጣን እሱ ነው።»

«የጻድቃን ደጅ የበቀለ ምን ክፉ አለው ልጄ? እኔስ አልገባሁ፤ በረከቱ እንኳ አገሬ ይግባልኝ።»

እስከ መርሐቤቴ ድረስ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈውት መጡ። ኩሬው ላይ ሲያኖሩት መንደሩ እልል አለ።

አሁን ዓይናቸው አያይም። ዛሬም ስመለስ ኮቴዬን ሰምተው ከደጃፋቸው ጠሩኝ።

«ከኩሬው ነው የመጣሽ? አበባዬ አለ?»

«አለ፣ እማሆይ።»

«ተመስገን። በይ ከቀዳሽው ትንሽ አጠጪኝ፤ ጠምቶኛል።»

ባዶው ጀሪካን እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ መሬት አስቀመጥኩት።