ከለተክርስቶስ እጅ ያልደረሰው ወረቀት

ለተክርስቶስ የተማሪ የደንብ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኔ የክርና የቁልፍ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ መይሙና እባላለሁ። አስራ ሁለት ዓመት ጎረቤታሞች ነን፤ ዚፕና ቁልፍ ከእኔ ትወስዳለች፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ስለዚህ የምነግራችሁ ከወሬ የለቀምኩትን አይደለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሱቋ በልጆች ይሞላል። "ቁም የኔ ጌታ፣ እጅህን ዘርጋ" እያለች ስትለካ፣ ከእናቶቹ መሃል "አንቺስ ስንት አለሽ?" የምትል አንዷ አትጠፋም። ለተ "ገና ነኝ" ትልና ሜትሯን ትጠቀልላለች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ "ገና ነኝ" አለች።

ባሏ ክፍሎም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ጸጥ ያለ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው። እናቱ ወይዘሮ ክብረት፣ ሁላችንም አደይ ክብረት የምንላቸው፣ እንደሱ ጸጥ አይሉም። በየበዓሉ ለተ ወጡን አቅርባ ሳትቀመጥ "ልጄ ዘሩን ሳይተካ ሊቀር ነው" ይላሉ፣ እሷ እየሰማች። ክፍሎም መጉረሱን ይቀጥላል።

ጸበል ተመላለሰች። አንዲት ሴት ቀምማ የሰጠቻትን መራራ ሥር ጠጥታ ሦስት ቀን አስመለሳት። ከእምብርቷ በታች ሲቆርጣት "ብርድ ነው" አልናት። እኔም ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሼ አምጥቼላታለሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ። ከዚያ ሁሉ መካሪ መሃል "ክፍሎምስ ተመርምሯል?" ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

አምና ከፋሲካ በኋላ አደይ ክብረት ለልጃቸው ሌላ ሴት እንዳዩለት ወሬው ደረሳት። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ብቻዋን የሴቶች ሐኪም ዘንድ ሄደች። ዶክተር ራኬብ የምትባለው ሐኪም በማህፀን በኩል ቀለም ገብቶ የሚነሳ ራጅ አዘዘችላት። ራጁ ሲታይ ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎች ተዘግተዋል።

"ይሄ የቆየ ጠባሳ ነው" አለቻት። "አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ናቸው።"

"እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም። ታምሜም አላውቅም።"

"ብዙ ሴቶች ምንም ምልክት አያዩም፤ ወይ ትንሽ ቁርጠት ብቻ ይሰማቸዋል። ወንዱን ግን ብዙ ጊዜ ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ መግል ይወጣዋል፣ ስለዚህ ሮጦ ይታከማል። ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ።"

ክፍሎም በስንት ልመና ሄደ። ሐኪሟ ለብቻው አነጋገረችውና "ሚስትህ ይህን ከአንተ አፍ ነው መስማት ያለባት" አለችው። ባልና ሚስቱ ከሐኪሟ ዘንድ ወጥተው እስከ ምኒልክ አደባባይ ተራመዱ። እዚያ ቆሞ ነገራት።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ከአንዲት ሴት ጋር አድሯል። ከተመለሰ በኋላ ሽንቱ ሲያቃጥለው ክሊኒክ ሄዶ መርፌና ክኒን ወሰደ። ነርሱ "ሚስትህም መታከም አለባት፤ ካልታከመች እሷም ትጎዳለች፣ አንተንም መልሶ ይይዝሃል" ብሎ ለእሷ የሚሰጥ ወረቀት ጻፈለት። ክፍሎም ወረቀቱን ቀዶ ጣለው። በአራተኛው ወር በሽታው ተመለሰበት። ያው ነርስ እንዳያየው ሌላ ክሊኒክ ሄደ። እዚያም ለሚስቱ ወረቀት ሰጡት። እሱንም ጣለው።

"ለምን?" አለችው።

"አፍሬ ነው።"

"አንተ አፈርክ፣ መካን የተባልኩት እኔ።"

"እንደዚህ እንደሚጎዳሽ አላወቅኩም።"

"ጽፈው ሰጥተውህ?"

ለተ ትታው ወደ ሱቄ መጣች፤ ከክር ሳጥኖቹ መሃል ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ያ ሰው በየበዓሉ እናቱ ሲናገሩ፣ እሷ መራራ ሥር ጠጥታ ስታስመልስ፣ ምክንያቱን እያወቀ እንጀራውን ሲቆርስ ኖሯል። ለራሱ ሁለት ጊዜ ታክሟል። ለእሷ አንድ ወረቀት ማድረስ አቃተው።

ያን ሰሞን እኔ ቤት ከረመች። በሦስተኛው ሳምንት እሁድ ሽማግሌዎች መጡ፤ ክፍሎምና እናቱም አብረው ነበሩ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ሉልሰገድ ጀመሩ።

"ልጄ፣ ባልና ሚስት ይጋጫሉ። ልጅ የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ይቅር በይው።"

"አባባ፣ ምን እንዳደረገ ነግሮዎታል?"

"ትንሽ ስህተት አለብኝ ብሎናል።"

"ትንሹን እሱ ይንገርዎት። ካልነገረዎት እኔ እነግርዎታለሁ።"

ክፍሎም ምንጣፍ ምንጣፉን አየ። እሷ ተናገረች፤ ክፍለ ሀገሩን፣ መርፌውን፣ የተቀደዱትን ወረቀቶች። ጨብጥ የሚለውን ቃል ስትጠራ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቆጡ። "ይሄ በሰው ፊት የሚነገር አይደለም።"

"መካን መባሌ በሰው ፊት ሲነገር ነው የኖረው" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ።

አደይ ክብረት ወደ ልጃቸው ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቁት። "እውነት ነው" አለ። ይቅርታ ይጠይቋታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን "ታዲያ አንቺስ ያን ጊዜ ለምን አልታከምሽም?" አሏት። እኔ ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በፍርድ ቤት ተለያዩ። ዶክተር ራኬብ እንደነገረቻት መድኃኒት በሽታውን ያጠፋል እንጂ ጠባሳውን አይመልስም። ፅንሱ በላቦራቶሪ ተጀምሮ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና አለ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ግን ተስፋው ጠባብ ነው። ገና አልወሰነችም።

ዘንድሮ ክፍሎም እናቱ ያዩለትን ሴት ሊያገባ መሆኑን ሰማን። ሚስጥር ትባላለች፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትነግዳለች። ለተ "ሄጄ ልንገራት" ስትል፣ ቅናት ነው ይሉሻል ብዬ ለመከልከል ሞከርኩ። "ይበሉ" ብላ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ሚስጥር በትሕትና ሰማቻት። ከዚያ "ለጋብቻ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርበውን የኤችአይቪ ምርመራ አሳይቶኛል፤ ነፃ ነው" አለች።

"ለእኔም አሳይቶኝ ነበር" አለች ለተ። "ያ ስለ ጨብጥ አይናገርም፤ ስለ ቂጥኝም፣ ስለ ጉበት ቫይረስም አይናገርም። ሁለታችሁም ሁሉንም ተመርመሩ። እሱ መድኃኒት ከወሰደ አንቺም በዚያው ሰሞን ውሰጂ። እስኪያመኝ ብለሽ አትጠብቂ፣ አንቺን ላያምሽ ይችላል።"

ሚስጥር "አስብበታለሁ" ብላ ወደ ሚዛኗ ዞረች። ሠርጉ ተደግሷል። ትመርመር አትመርመር አናውቅም። አደይ ክብረት ለተ በቅናት አብዳለች እያሉ በሰፈሩ ያወራሉ፤ የሚያምናቸውም አላጡም።