የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ

ስልኩ ሲጠራ የአንድ ደንበኛ ቴሌቪዥን ጀርባውን ፈትቼ ዘርግቼው ነበር። ረፋዱ ላይ ነው። የደወለችው የክሊኒኳን ማሽን የጠገንኩላት አዋላጅ ናት። ሌላ ጊዜ ስለ ጤናዬና ስለ አባቴ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። ያን ቀን ግን «አባዮ፣ ሳጥኑ ልጁን ሊያቃጥለው ነበር» አለችኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

«ልጁስ? ደህና ነው?»

«ነይ» ብላ ዘጋችው።

እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከአባቴ ጋር ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግን ሴት ነኝ። አባቴ በወታደርነቱ ዘመን የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ እዚሁ ቀርቶ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብየዳው ሁሉ የእኔ ሆነ፤ እሱ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል።

አዋላጇ የምትሠራው ወደ ሐርተሼክ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ክሊኒኩ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሆን አንድ አሮጌ ማሞቂያ ሳጥን ነበረው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቦርድ አቃጠለው። መለዋወጫ የለም። አዋላጇ የከሰለውን ቦርድ በፌስታል ጠቅልላ ሱቃችን ድረስ አመጣችው። «ሥሪልኝ» አለችኝ። እኔም ሠራሁላት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቦርዱን መስመሮች ኮምፒውተር ላይ እሥልና ኮፒ ቤት ወስጄ በሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ላይ አሳትማለሁ። የፕሪንተሩ ቶነር በሙቀት የሚቀልጥ ዱቄት ስለሆነ፣ ወረቀቱን መዳብ የተለበጠበት ሰሌዳ ላይ ደፍቼ በልብስ ካውያ ስጫነው ጥቁሩ ሥዕል ወደ መዳቡ ይዞራል። ወረቀቱን በውሃ አርሼ እልጠዋለሁ። ከዚያ ሰሌዳውን መዳብ የሚበላ ቡናማ ውህድ ውስጥ እነክረዋለሁ። ቶነር ያልሸፈነው መዳብ ይበላል፣ የሸፈነው ይተርፋል፤ የተረፈው ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መስመር ይሆናል።

ችግሩ ቶነሩ ነው። ኮፒ ቤቱ ቀለሙን እያስሞላ ነው የሚጠቀመው፤ ሕትመቱ ይሳሳል። ጥቁር መስሎ የሚታየው መስመር ጠጋ ብለው ሲያዩት እንደ ወንፊት የተበሳ ነው። መዳብ የሚበላው ውህድ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ያየኋቸውን ቀዳዳዎች በማርከር ደፍኛቸው ነበር። ያላየኋት ትኖር እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ ብዬ አለፍኩ። ለሬዲዮ ቢሆን ምንም አልነበረም። ለሬዲዮ እንደለመድኩት ነው የሠራሁት።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሁለት የጫት ነጋዴዎች መሃል ተቀምጬ፣ ልጁ ሞቶ ይሆን ወይስ ተርፎ የሚለውን በሐሳቤ ሳገላብጥ ነበር። ቢሞት ኖሮ በስልክ አትነግረኝም። ስለዚህ «ነይ» ያለችኝ ሞቶ ነው። ደግሞ ወዲያው፣ ቢሞት ኖሮ ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር እላለሁ። ነጋዴዎቹ ይስቃሉ፤ አንዷ ውሃ እንኪ አለችኝ። አፌ ደርቆ ስለነበር ጠጣሁ፤ ግን ምስጋና አልወጣኝም። ኬላው ላይ ስንቆም መታወቂያዬን ለማውጣት ቦርሳዬን መክፈት አቃተኝ። የከፈተችልኝ ያችው ሴት ናት።

ክሊኒኩ በር ላይ አዋላጇን አገኘኋት። ፊቷን እያየሁ ቆምኩ።

«አለ» አለችኝ። «ግቢ።»

ልጁ እናቱ ደረት ላይ፣ ከጋቢ ሥር፣ ቆዳ ለቆዳ ተለጥፎ ተኝቷል። ጭንቅላቱ ከብርቱካን አይበልጥም። አዋላጇ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ጀርባውን አሳየችኝ፤ መዳፍ የማያክል ቀይ ምልክት ነበረበት።

«ሌላ እናት እያዋለድኩ ነበር» አለችኝ። «ስመለስ ቀልቷል፤ ትንፋሹ ፈጥኗል። ሶኬቱን ነቀልኩና ልጁን ለእናቱ ሰጠኋት። ትንሽ ብዘገይ...»

ጋቢውን መልሳ ሸፈነችው።

ሳጥኑን ፈትቼ ቦርዱን አወጣሁት። መስኮት አጠገብ ወስጄ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ለመፈለግ እንኳ ጊዜ አልወሰደብኝም። ሙቀት ከሚለካው ሽቦ በሚመጣው መስመር ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። መዳቡ ግራና ቀኟ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ኖሮ፣ ከቀናት ሥራ በኋላ ተሰነጠቀ። መስመሩ ሲቆረጥ ማሽኑ ልጁ የበረደው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ ያሞቃል።

መብራቱ ነው፣ ሳጥኑ አሮጌ ነው ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ይህን ማሰቤን አልክድም። መነጽሩንና ቦርዱን ይዤ ወደ አዋላጇ ሄድኩ።

«ሲስተር» አልኳት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህቺን ቀዳዳ አላየኋትም።»

መነጽሩን ተቀብላ አየች። እናቲቱ አማርኛ አትሰማም፤ ግን ፊታችንን እያየች በሶማሊኛ ጠየቀችኝ፤

«የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት በቋንቋዋ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጇን በሁለት እጇ አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ አዋላጇ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «ሌላ ሥሪ» አለችኝ።

«አልችልም። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«የት አለ ሌላ ሰው? በዚህ ሳምንት የሚወልዱ መንታ ያረገዙ ሁለት ሴቶች አሉኝ። ፈርተሻል፣ ጥሩ ነው። አሁን ቀዳዳውን ታይዋለሽ።»

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቦርዱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ሲያየው ቆየና «ቀዳዳዋን መድፈን አንድ ነገር ነው» አለ። «መስመሩ ቢቆረጥስ ምን ይሆናል ብለሽ አስበሻል?»

«አላሰብኩም።»

«እንግዲህ ሁለቱንም እንሠራለን።»

አራት ቀን ሌላ ሥራ አልነካንም። መጀመሪያ መዳቡን በሽቦ እያሸሁ፣ በአልኮል እያጠብኩ፣ ጣቴ እንዳይነካው ዳር ዳሩን መያዝ ጀመርኩ፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ቶነር አይጣበቅም። ከኮፒ ቤት ኮፒ ቤት እየሄድኩ አዲስ ቀለም ያለው ፕሪንተር እስካገኝ ዞርኩ። ወረቀቱን ከላጥኩ በኋላ ሰሌዳውን ብቻውን እንደገና ካውያው ላይ አጋልኩት፤ ዱቄቱ ቀልጦ ማብለጭለጭ ሲጀምር አነሳሁት። ቀዳዳዎቹ ቀነሱ፤ አልጠፉም።

አሴቶኑን ያሰብኩት የጥፍር ቀለሜን ሳስለቅቅ ነው። ጠርሙሱ አጠገብ የነበረ አንድ የተበላሸ ሰሌዳ ላይ ትንሽ ፈሰሰና ቶነሩ እንደ ሬንጅ ለሰለሰ። ፈሳሹ ካለሰለሰው ተኑስ? ብዬ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ በአሴቶን የራሰ ጥጥ አስቀምጬ፣ ሰሌዳውን ሳይነካው ከላይ አድርጌ ከደንኩት። እሳት እንዳይቀርበው ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ነበር የሠራነው። የመጀመሪያው ብዙ ቆይቶ መስመሮቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተያያዙ። ሁለተኛው አነሰው። በሦስተኛው ዱቄቱ እርስ በርሱ ተዋሕዶ ቀዳዳዎቹን ዘጋ፤ በማጉያው ሳየው የተቀባ ጥቁር ቆዳ ይመስላል።

ደስ አላለኝም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን ያየሁትን ማመን ፈራሁ። ሰሌዳው ከተበላ በኋላ ቶነሩን አጥቤ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ሰሌዳው ስስ ስለሆነ፣ በመስመሮቹ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ብርሃን ያልፋል። መስመር በመስመር አየሁ። አባቴም አየ። እንደገና እኔ አየሁ። በመጨረሻ ሁሉንም መስመር የምንበይድበትን ሊድ አለበስኩት።

አባቴ ደግሞ የመለኪያው ሽቦ ቢቆረጥ ማሞቂያው እንዲጠፋና ደወል እንዲጮህ የመስመሩን አሠራር ለወጠው። ሽቦውን በመቁረጫ በጠሰልኝ፤ ደወሉ ጮኸ። መልሶ ቀጠለውና «አንቺ ቁረጪው» አለኝ። ቆረጥኩት፤ ጮኸ። እሱ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

ሳጥኑ ውስጥ ሕፃን ከመግባቱ በፊት ለሁለት ቀን ውሃ የሞላ ጠርሙስ ከቴርሞሜትር ጋር አስቀመጥንበት። አዋላጇ በየሰዓቱ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን አንዷ ከወለደቻቸው መንታዎች ትንሿን አስገቡ። እኔ ጠዋት ገብቼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማሞቂያው ጠቅ ብሎ በበራ ቁጥር፣ ጠቅ ብሎ እስኪጠፋ ሰከንዱን እቆጥራለሁ። አዋላጇ ታዝባኝ «አባዮ፣ አንቺንም ሳጥን ውስጥ ላስገባሽ?» አለችኝ። ነርሶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጆሮዬ ማሽኑ ላይ ነበር።

ትንሿ መንታ ከብዳ ወጣች። ከእሷ በኋላ ሌሎች ገቡ። የመጀመሪያው ልጅ ምልክቱ ጠፍቶ ለክትባት ሲመጣ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። እናቱ ከሩቅ ራሷን ነቅንቃ ሰላም አለችኝ፤ ልጁን ግን አላቀበለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ሳጥኑ ክሊኒኩ አዲስ ማሽን እስኪያገኝ ድረስ ከዓመት በላይ ሠራ። ሲነሳ ቦርዱን አውጥቼ ወሰድኩት። አንድም መስመር አልተሰነጠቀም። አባቴ ሱቁ ግድግዳ ላይ እንስቀለው ብሎ ነበር፤ አይሆንም አልኩት። ደንበኛ በገባ ቁጥር ስለዚያች ቀዳዳና ስለ ልጁ መናገር የሚኖርብኝ መሰለኝ።