ለኢሳ ያልበቃው ኮት

ፎቶ አንሺውን ሽኩርን በዚህ ዓለም ላይ እንደሚንቀሳቀስ ሰው የሚያበሽቀው ነገር አልነበረም። ጊንጡም፣ ሙቀቱም፣ የመንገድ ሥራው ካቦም ተደምረው የዚያን ያህል አያናድዱትም። ሰውየውን በርጩማ ላይ ያስቀምጣል፣ አገጩን ያቃናል፣ «አምስት እስክቆጥር ድንጋይ ሁንልኝ» ብሎ የሳጥኑን ዓይን ይከፍታል። ሰውየው ልክ ሦስት ላይ ዝንብ ያባርራል። ዝንብ ከሌለ ደግሞ «አሁን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶው ላይ አፉ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል፤ ወረቀቱም ይባክናል።

ሥራውን የተማረው ገዳሪፍ ነው። አንድ ሶርያዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ውሃ እየቀዳና ሳህን እያጠበ ስምንት ዓመት ኖረ። ወደ አገሩ ወደ መተማ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ሳጥንና አንድ ጥቁር የሱፍ ኮት። ሳጥኑን ገበያው ዳር፣ ከሮቃው ዛፍ ሥር ተከለው። ፎቶ የሚያነሳው ሳጥኑ ነው፤ ደንበኛ የሚጠራው ግን ኮቱ ነበር። ከኪሱ የሰዓት ሰንሰለት ይንጠለጠላል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ሰዓት የለም፤ ይህን የሚያውቁት ሽኩርና ሚስቱ ረቢዓ ብቻ ናቸው። ለፎቶ የመጣ ሁሉ ኮቱን ይደርባል። ከወገብ በታች ቁምጣ ይልበስ ግልድም፣ የማንም ጉዳይ አይደለም፤ ሳጥኑ እስከዚያ አያይም።

ኮቱን የምትጠብቀው ረቢዓ ነበረች። ማታ ማታ ትቦርሸዋለች፣ ገበሩን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች ታያለች፣ የላላውን ትጠቅማለች። ማጠብ ግን በፍጹም። «ሱፍ ውሃ ካየ ሞተ» ትላለች።

በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ያስቆፍር ነበር። ከላስታ፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም ሰው እንደ ጎርፍ ወረደ። የሠራተኞቹ ካቦ እንግዳው የሚባል ጎንደሬ ነው፤ የዛሬው ሰው በትናንቱ ሰው ስም እየገባ ቢያስቸግረው፣ «ፎቶው ወረቀቱ ላይ ያልተለጠፈ አካፋ አይነካም» ብሎ አወጀ። በማግስቱ ሮቃው ሥር ጠበል ሜዳ መሰለ። ኮቱ በቀን ሃያ ትከሻ ላይ ይውላል፤ አንዱ በላብ አርሶ ሲያወልቀው ሌላው እንደሞቀ ይቀበለዋል። ሁሉም ሁለት ሁለት ፎቶ ይፈልጋል፤ አንዱ ለካቦው፣ ሌላው ላገር ቤት እናት።

በጥር በሽታው ገባ። ሰው ድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይወቅረዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ሳምንት ሲሞላው በላብ ተጠምቆ ይነሳና ይበላል። ድኗል ተብሎ አካፋውን ባነሳ በሳምንቱ ደግሞ ትኩሳቱ መልሶ ይጥለዋል። ግርሻ አሉት። ያገሩ ሰው «ንዳድ ነው፤ ቆላ የወረደ ሁሉ ይነዳል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። በሁለተኛው ሳምንት ከሠራተኞቹ ሰፈር አራት ሰው ተቀበረ።

በየካቲት ረቢዓን ያዛት። ሰባት ቀን ተኝታ በስምንተኛው ተነሳችና ሽኩር የሠራውን ወጥ ቀምሳ፣ «ጨዉን ማን ሰረቀው?» አለች። ሽኩር አላህን አመሰገነ።

ከዚያ ሳምንት ቆይቶ ሥጋ ሻጩ ኢሳ መጣ። ኢሳ በርሜል የሚያህል ሰው ነው፤ ባለፈው ወር ሊነሳ መጥቶ ኮቱ አልገባውምና በሸሚዝ ተነሳ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ ይጨቃጨቃል።

«አንተ ሽኩር!»

«ዛሬም?»

«ዛሬም፣ ነገም! የመተማ ሰው ሁሉ እንደ ባለሥልጣን ለብሶ ሲነሳ፣ እኔ ብቻ በግ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው በሸሚዝ!»

«እጅጌው ክንድህ ላይ ቀረ። ምን ላድርግ፣ ሆድህን ልቁረጠው?»

«ትከሻዬ ላይ ጣል ብታደርገውስ?»

«አደረግነው እኮ! ወደቀ!»

«ሁሉንም አውጣና ስቀላቸው። ከእኔ ሌላ በሸሚዝ የተነሳ አንድ ሰው ካለ ዳግመኛ አልመጣም።»

ዳግመኛ አልመጣም የሚለው ቃል ለሽኩር ጣመው። ከእያንዳንዱ ደንበኛ የሚያስቀረውን የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣ። በዚያ ወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ገመድ ወጥሮ አንድ በአንድ ሰቀላቸው። ኢሳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ዳኛ ከጫፍ ጀመረ።

«ይሄ በሽር፤ ኮት።»

«እሱ ተኝቷል፤ ግርሻ ነው» አለ ሽኩር ሳያስበው።

«ይሄ የበለሳው ልጅ፤ ኮት። ከጎኑ ያለው ወንድሙ፤ ኮት።»

«ሰኞ ተቀበሩ።»

«ይሄ ኸሊል፤ ኮት። አየህ?»

«እሱም ተኝቷል።»

ኢሳ እየጠራ፣ ሽኩር እየመለሰ እስከ ገመዱ አጋማሽ ሄዱ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ገመዱን አዩ። ጥቁሩ ኮት በወረቀቶቹ ላይ ነጭ ሆኖ፣ ሰዎቹ በሙሉ ከፈን የለበሱ መስለው ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። የለበሰ ሁሉ አልታመመም፤ ከረቢዓ በቀር ከከተማው ሰው የታመመው ግን ሁሉም ለብሷል። በመጨረሻ ኢሳ ራሱ፣ በሸሚዙ፣ ቱግ እንዳለ ተሰቅሏል።

«እኔስ?» አለ ኢሳ ቀስ ብሎ።

«አንተማ እንደ በሬ ጤነኛ ነህ።»

ሽኩር ያኔ ገዳሪፍ ታወሰው። እንዲህ ያለ ትኩሳት ገብቶ እንግሊዞች ከተማ የገባውን መንገደኛ ሁሉ አስወልቀው ልብሱን በበርሜል ይቀቅሉ ነበር። ሽኩር ከሶርያዊው ጋር ቆሞ ስቋል። ነገሩ በስፌት ውስጥ የሚደበቅ ቅማል ነው ሲሉ ሰምቶም ነበር። ስፌት! በመተማ የኮቱን ስፌት በጣቱ የሚዳብስ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ገመዱን እንደተወጠረ ትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። ረቢዓ ዳግም ተኝታ፣ ጥርሷ እየተፋጨ አገኛት።

በማግስቱ ጎረቤት አጠገቧ አስቀምጦ ሮቃው ሥር መጣ፤ ኮቱን ከሁሉ ራቅ አድርጎ ግንዱ ላይ ሰቅሎት ነበር። ስምንት ሠራተኞች ይጠብቁታል። ፊተኛው ውባንተ የሚባል የላስታ ሰው ነው።

«ኮቱስ?»

«ኮት የለም። እንዳለህ ተቀመጥ።»

«ያውና ተሰቅሎ!»

«በሽታ አለበት።»

«የምን በሽታ?»

ሽኩር ዙሪያውን አየ። የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ማለስለሻም የለውም። «ቅማል» አለ።

ስምንቱም ብድግ አሉ።

«ማንን ነው ቅማላም ያልከው?»

«አንተን አላልኩም! ኮቱን ነው!»

«ኮቱን የለበስነው እኛ አይደለንም?»

ለሠራተኞቹ ምግብ የምታበስለው አገኘሽ ከጉልቻዋ ቀና አለች። እዚያው ጎን ትልቅ ጎላ ጥዳ የንፍሮ ውሃ እያፈላች ነው። «አያ ሽኩር፣ እርስዎን ያህል ሰው! ካገሩ ርቆ የሚለፋ ቅማላም ይባላል? ደግሞስ ንዳድን የሚያመጣው ኮት ነው? በኮትማ ቢሆን ጣሊያን ሁሉ ባለቀ!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ካቦው እንግዳው ደረሰ። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሽኩር፣ ኮት የለበሰ ሰው ግርማ አለው፤ የእኔም አለቆች ደስ ይላቸዋል። ካስቸገረህ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ሌላ ፎቶ አንሺ አስመጣለሁ።»

«የገላባቱም ኮት ካለው ያው ነው! ሰው እየሞተ ነው!»

«በንዳድ።»

«በንዳድ አይደለም!»

«ሐኪም ሆንክ?»

ሽኩር ስድብ ፍለጋ ወደ ሰማይ አየ፤ ዓይኑን ሲመልስ ውባንተ ኮቱን ከግንዱ አውርዶ ለብሶ፣ ሰንሰለቱን አስተካክሎ፣ በርጩማው ላይ እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሏል። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ያልተንቀሳቀሰ ሰው አላየም።

ሄዶ ኮቱን በሁለት እጁ ሳበው። አንድ ቁልፍ ተፈናጥሮ በረረ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ተራመደና ኮቱን እስከነሰንሰለቱ ጎላው ውስጥ ከተተው።

«የንፍሮ ውሃዬን!» አገኘሽ ጮኸች። ማማሰያዋን አንስታ መጣች፤ ሽኩር ማማሰያውን ከእጇ ነጥቆ ኮቱን ወደ ታች ደፈቀው። ማንም ሊያወጣው አልደፈረም። አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ አማሰለው፣ እየተሳደበም፤ ላስታን፣ ካቦውን፣ ሶርያዊውን፣ ራሱን።

ኮቱ ሲወጣ ለዝንጀሮ ግልገል የሚበቃ ሆኖ ነበር። ኢሳ ከሥጋ ቤቱ መጥቶ አየውና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አልሐምዱሊላህ! አሁን ለማንም አይበቃም፤ ተካከልን!»

ጎላው ከእንግዲህ ለምግብ አይሆንም ተባለ፤ አገኘሽ የክርስቲያን ሆድ ከዚያ ንፍሮ አይቀምስም ብላ ማለች። ግን በሦስተኛው ቀን ውባንተ ሸሚዙን ጠቅልሎ መጣ። «ላብ ሸቶኝ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው። በማግስቱ ሌሎቹም ላብ ሸተታቸው። ጎላው ቀኑን ሙሉ ይፈላ ጀመር፤ ቅማል የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

ካቦው ወደ ገላባቱ ፎቶ አንሺ ላከ፤ ሰውየው መተማ በሽታ አለ ሲባል ድንበሩን አልሻገርም አለ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከሽኩር ዘንድ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ያለ ኮት መነሳት ግን ራቁት የመነሳት ያህል ሆነባቸው። አንድ ነገር ካልያዝን አሉ። አንዱ አካፋውን ታቅፎ ቁጭ አለ። ሌላው ከግርሻ በኋላ የተላጨ ራሱን በገዛ እጁ ሸፍኖ፣ በሌላ እጁ የውሃ ቅሉን ይዞ ተነሳ። አገኘሽ ከጎላዋ ጎን በማማሰያዋ ቆመች፤ እንፋሎቱ ግማሽ ፊቷን በላው። አንዱማ ለእናቱ ብልጽግናውን ለማሳየት ዶሮ ተውሶ መጣ፤ ዶሮዋ ሦስት ላይ ክንፏን ዘረጋች። ሽኩር ሁሉንም እየተነጫነጨ አነሳ። «ፎቶ ነው ወይስ የዕቃ ግዢ?» ይል ነበር።

ረቢዓ በግርሻው ሁለት ቀን ሰው አላወቀችም። ሽኩር ራሷን ላጭቶ፣ ልብሷን ቀቅሎ፣ ውሃ በጠብታ እያጠጣት አጠገቧ ዋለ። በስድስተኛው ቀን ላብ አጠመቃት። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ትንሽ ጥቁር ጨርቅ ነው።

«ምንድን ነው?»

«ኮቱ።»

ጨርቁን ትክ ብላ አየችው። ሽኩር ትኩሳቱ ተመለሰ እንዴ ብሎ ግንባሯን ነካ።

«አጠብከው?»

«ቀቀልኩት።»

ሁለተኛ ግርሻ ይመጣል ብሎ ሽኩር ቀን ቆጠረ፤ ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፤ አልመጣም። ያን ጊዜ ረቢዓ ተደግፋ ሮቃው ሥር ድረስ ሄደችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ኮቱን ደረቷ ላይ ዘረጋችው።

«አንሳኝ። ገዳሪፍ ላሉት እህቶቼ እልካለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንዳገባሁ ይዩ።»

«እሺ፤ አምስት እስክቆጥር ዝም በይ።»

«ሱፍ ውሃ ካየ ሞተ ብዬህ አልነበረም?»

«አንድ።»

«አስራ አምስት ዓመት በቦረሽኩት!»

«ሁለት። ረቢዓ፣ አፍሽን!»

«አፌን ምን? እንደ ሥጋ በጎላ!»

አምስት ድረስ ቆጠረ። ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥቶ በባልዲው ውሃ አለቀለቀና ወደ ብርሃኑ አነሳው። የተላጨው ራሷ፣ የተጎደጎዱት ጉንጮቿ፣ ኮቱን የጨበጡት ጣቶቿ ጥርት ብለው ወጥተዋል። አፏ ብቻ ጭጋግ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀዶ ይጥለው ነበር። ወረቀቱን ገመዱ ላይ ሰቀለው።

«ተበላሽቷል አይደል?» አለች ረቢዓ።

«ተበላሽቷል» አለ ሽኩር፤ ፊቱን ወደ ሳጥኑ አዙሮ፣ ሌንሱን በኩታው ጫፍ ብዙ ጊዜ ሲወለውል ቆየ።